ሐኪሙ «ጎበዝ» ያላት ልጅ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ16 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ባለፈው ዓቢይ ጾም ከእኔ ጋር እጾማለሁ ስትለኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር፤ እዚህ ያደገች ልጅ መሆኗን ያውቃሉ። ፋሲካ አለፈ፣ እሷ ግን አልፈታችም። ሥጋ ተወች፣ ቀጥላ ዘይት ተወች፣ አሁን እንጀራም «ሆዴን ይነፋኛል» ትላለች። ለእኛ ኬክ ትጋግራለች፣ ቀኑን ሙሉ የምግብ ቪዲዮ ታያለች፣ እሷ ግን አትቀምስም። ሌሊት ክፍሏ ውስጥ ስትዘል እሰማታለሁ። በዚህ ሙቀት ሹራብ ትለብሳለች። ጸጉሯ ይረግፋል፣ የወር አበባዋም ከቀረ ሦስት ወር ሆነው። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ድሮ ሞላ ያለች ልጅ ስለነበረች ሐኪሙ «ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥዪ» አላት፤ ደሟም ደህና ነው ተባለ። ባለቤቴ «የጥጋብ በሽታ ነው፣ ጠበል ይሻላታል» ይላል። እኔ በ77ቱ ድርቅ ወሎ ውስጥ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የሞላ ፍሪጅ አጠገብ ልጄ ስትራብ ማየት ምን እንደሚያደርገኝ ልነግርዎ አልችልም። በዚህ ሕመም ስፔሻሊስት የሆኑ ሰዎች ጋ ደወልኩ፣ «ኢንሹራንሳችሁን አንቀበልም» አሉኝ። እኔ ሌሊት ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፣ እሱ ኡበር ይነዳል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ሐኪም ቤት የምታስተረጉምልኝ እሷው ናት። ምን ላድርግ?

የጨነቃት እናት

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤዎ ላይ የልጅዎን የበፊትና የአሁን ኪሎ ጽፈውልኝ ነበር፤ ከመታተሙ በፊት አውጥቼዋለሁ። ይህን ዓምድ እንደ ልጅዎ ያለች ሌላ ልጅ ልታነበው ትችላለች። አኖሬክሲያ የሚባለው፣ ሰው ራሱን የሚያስርብበት የአመጋገብ መታወክ ሕመም ለያዛት ልጅ የሌላ ሰው ኪሎ ውድድር ይሆንባታል። በዚሁ ምክንያት ከዚህ በታችም ስለ ካሎሪ የሚናገር ቁጥር አያገኙም።

የሚያስቸኩለውን ላስቀድም። በዚህ ሳምንት እንደገና ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። የሚጠይቁት «ክብደቷ እንዴት ነው?» ብለው አይደለም። የልብ ምቷና የደም ግፊቷ ተኝታም ቆማም ይለካ ይበሉ። የሰውነቷ ሙቀት ይለካ፣ የልብ ምርመራው (ኢሲጂ የሚሉት) ይነሳላት፣ በደሟ ውስጥ ያለው ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ማግኒዚየም ይታይ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያለውን የዕድገት ቻርቷን (ቁመቷና ክብደቷ በየዕድሜዋ በመስመር የተመዘገበበትን) አምጥተው ያሳዩኝ ይበሉ። በቀን፣ ነቅታ ሳለች፣ የልብ ምቷ በደቂቃ ከ50 በታች ከሆነ ሆስፒታል መተኛት የሚያስፈልግበት ደረጃ ላይ ናት ማለት ነው። ራሷን ስታ ከወደቀች፣ ደረቷን ካመማት፣ ምግብም ውሃም ጭራሽ እምቢ ካለች ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። መኖር አልፈልግም የሚል ነገር ከአፏ ከወጣም እንዲሁ፤ 988 ላይ መደወልም ይቻላል፣ አስተርጓሚ ስጡኝ ማለት ይችላሉ።

«ደሟ ደህና ነው» መባሉ እንዳያዘናጋዎ። ሰውነት ራሱን እየበላም ቢሆን የደሙን ሚዛን እስከ መጨረሻው ለመጠበቅ ይታገላል። በጣም የታመሙ ልጆች ምንም ችግር የማያሳይ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው ሲመጡ ደጋግሜ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። በጣም ያስደነገጠኝ ኬኩም ሹራቡም አልነበረም፣ መጨረሻ ላይ «የምታስተረጉምልኝ እሷው ናት» ያሉት ነው። ሐኪሙ የተናገረውን ለእርስዎ የነገረችዎ፣ እርስዎ ያሉትንም ለሐኪሙ የነገረችው ልጅዎ ናት። ይህ ሕመም ደግሞ ከሁሉ በላይ መደበቅ ይወዳል። ልጅዎ ውሸታም ናት ማለቴ አይደለም። የምትፈራውን ነገር በራሷ አፍ እንድታስረዳ ግን ተደርጋለች። «የወር አበባዋ ቀርቷል» ያሉትን አስተርጉማው ይሆን? «ሌሊት ትዘላለች» ያሉትንስ? ሐኪሙ «ጎበዝ» ያለው ምን ተነግሮት እንደሆነ እርስዎም እኔም አናውቅም።

ከአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚመነጭ መብት ነው (ከ77 በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፤ በኋላ የወጣው የጤና ሽፋን ሕግም ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግን ይከለክላል። ጎረቤታችሁ ዋሽንግተን ዲሲም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ ከሐኪሙ ጋር መጀመሪያ ብቻዬን መነጋገር እፈልጋለሁ» ይበሉ። ሐፍረት የለውም። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ቢመድቡልዎም ይቀበሉ፤ ከልጅዎ ይሻላል። ያዩትን ሁሉ በአማርኛ በወረቀት ይጻፉት፣ ከነቀኑ፤ መቼ ዘይት እንደተወች፣ መቼ ጸጉሯ መርገፍ እንደጀመረ፣ የመጨረሻው የወር አበባዋ መቼ እንደነበረ።

ሐኪሙ ለምን አላየም? ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ላስረዳዎ። ብዙ ሰው፣ ሐኪሙም ጭምር፣ ይህን ሕመም የሚያውቀው በአንድ ሥዕል ነው፤ አጥንቷ የገጠጠ፣ ሀብታም ቤት ያደገች ነጭ ልጃገረድ። ከዚያ ሥዕል የወጣ አይታይም። በ2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለሕክምና ባለሙያዎች አንዲት ሜሪ የምትባል ልጅ ስለ አመጋገቧ የጻፈችውን ማስታወሻ አስነበበ። ማስታወሻው ለሁሉም አንድ ነበር፣ የልጅቷ ዘር ብቻ ይለያያል። ነጭ ናት ከተባሉት መካከል 44 በመቶው እዚህ ጋ ችግር አለ አሉ። ላቲና ናት ከተባሉት 41 በመቶው። ጥቁር ናት የተባሉትስ? 17 በመቶው ብቻ። አንድ ቃል አልተለወጠም፣ ልብ ይበሉ።

በልጅዎ ላይ ደግሞ ሌላ መጋረጃ ተጨምሮባታል፤ ድሮ ሞላ ያለች መሆኗ። ብዙ ክብደት በአጭር ጊዜ ያጣ ሰው ሚዛን ላይ ሲወጣ «መደበኛ» የሚባለው ቁጥር ላይ ሊያርፍ ይችላል። የአእምሮ ሐኪሞች የሚሠሩበት መመሪያ በ2013 ሲታደስ ይህን ሁኔታ «ኤቲፒካል አኖሬክሲያ» ብሎ ጠራው፤ እንግዳ ዓይነት ማለት ነው። ስሙን አልወደውም፣ እንግዳ አይደለምና። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት የልብ ምትን የሚያዘገየውና የወር አበባን የሚያስቀረው ዛሬ ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ሳይሆን የጠፋው ክብደት መጠንና የጠፋበት ፍጥነት ነው። የዕድገት ቻርቷን ይጠይቁ ያልኩዎ ለዚህ ነው። ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ በአንድ መስመር ላይ ስትሄድ የኖረች ልጅ በድንገት ሁለት መስመር ከወረደች፣ ማንም «ጎበዝ» ሊላት አይገባም። ቀጭን የነበረች ልጅ እንዲህ ብትወርድ ሐኪሙ ይደነግጥ ነበር።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ዳይቲሺያን (የአመጋገብ ባለሙያ) ሆኜ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ወጣት፣ የእኛው አገር ልጅ፣ እኔ ዘንድ ተላከ። ሯጭ ነው፣ ጨዋ ነው፣ «ጤናማ መብላት» ይፈልጋል። እኔም አትክልት አብዛ፣ ቅባት ቀንስ ብዬ ወረቀት ሰጥቼ ሸኘሁት። ወንድ ስለሆነ፣ ሐበሻ ስለሆነ አልጠየቅኩትም። ከወራት በኋላ ልቡ ደክሞ ሆስፒታል ሲገባ ነው የሰማሁት። ያ ወረቀት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሥዕሉ ላይ እንጀራ የለም፣ ሽሮ የለም፣ ለእኛ ሰው የሚሆን ምንም የለም። በዚህ አገር ከአስር ዳይቲሺያን ስምንቱ ያህል ነጮች ናቸው። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ለሙያው ፈተና ለመቀመጥ ማስተርስ ዲግሪ ያስፈልጋል። ትምህርቱን የሚከፍልለት የሌለው ልጅ በሩ ላይ ይቀራል፣ እኛም እንጀራ ምን እንደሆነ ስናስረዳ ሰዓታችን ያልቃል።

አሁን «የጥጋብ በሽታ» ወደሚለው። ባለቤትዎን አልቆጣም። እርስዎ በ77 ያዩትን ያየ ሰው፣ ምግብ ሞልቶ አልበላም የሚልን ሰው ሲያይ ሌላ ምን ሊል ይችላል? ግን ስህተት ነው። በ2017 በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ፣ የእርዳታ ምግብ ለመውሰድ በሚሰለፉ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። ልጆቻቸው ሳይቀሩ በሚራቡባቸው ቤቶች ያሉት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በአመጋገብ መታወክ ሕመም ተይዘው ተገኙ። ችግረኛ ሰው ይህ ሕመም አይይዘውም የሚለው ሐሳብ እዚያው ወደቀ። ከበላች በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ የምታስመልሰውም፣ ሌሊት ተደብቃ መቆም እስኪያቅታት የምትበላውም የዚሁ ሕመም ሌላ ፊቶች ናቸው። በአሜሪካ በብዛት የሚገኘው ይህ የኋለኛው ነው። የእኛ እናቶች ግን በእሱ ሲሠቃዩ «እንጀራ ቀንሺ» ተብለው ይሸኛሉ። እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ረሃቡ ራሱም ያሳምማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ በ1944 እና 1945፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ፈቅደው ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው ተቀነሰ። ጭንቀትም የአመጋገብ ችግርም ያልነበረባቸው ሰዎች ናቸው። ብርድ ብርድ አላቸው፣ ተነጫነጩ፣ ከጓደኛ ራቁ። ቀን ከሌት ስለ ምግብ ብቻ አወሩ፣ የወጥ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ የጀመሩም ነበሩ። ልጅዎ ኬክ እየጋገረች የማትቀምሰው ንቃችሁ አይደለም። የተራበ አእምሮ ስለ ምግብ ከማሰብ ሌላ አይችልም። ይህን ለባለቤትዎ ይንገሩት። በ77 ካዩት ጋር ሰውነቷ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የእሷ ረሃብ በሩን ከውስጥ ቆልፎታል።

እርስዎም ራስዎን አይክሰሱ። ሕመሙ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ እንዳለው የመንትዮች ጥናቶች አሳይተዋል። በ2019 ወደ 17,000 የሚጠጉ የአኖሬክሲያ ሕሙማንን የመረመረ ትልቅ ጥናት በዘረ መል ላይ ስምንት ቦታዎችን ለይቷል። (የተመረመሩት ሁሉ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። እዚህም እኛ የለንበትም።)

ጾሙን በተመለከተ ረጋ ብለን እንነጋገር። ልጅዎ በጾሙ ጊዜ በእርግጥ ጸልያ ይሆናል፤ ያንን ልነካባት አልፈልግም። ሕመሙ ግን ጾሙን እንደ ልብስ ለብሶታል። «ጾም ነኝ» የሚለውን ቃል የሚከራከር ሐበሻ የለም፤ እናትም አያት ጎረቤትም ይመርቃታል። ፋሲካ ሲመጣ ያልፈታች ዕለት ጾሙ ጾም መሆኑ አብቅቷል። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ጹም ብላ አታስገድድም። የንስሐ አባታችሁ ዘንድ ይሂዱና ከእሷ ጋር ሆነው «ልጄ ታማለች፣ ሐኪም ብዪ ብሏታል» ይበሉ። ከዚያ ከአባ አፍ፣ በጆሯ፣ «እስክትድኚ ጾምሽ መብላትሽ ነው» የሚለውን ትስማ። ከእኔ አሥር ወረቀት ይልቅ ይህ አንድ ቃል ሲሠራ አይቻለሁ። ይህን የምታነቡ ሙስሊም እናቶችም የሕመምተኛ ፈቃድ በራሱ በቁርኣን፣ በሱረቱል በቀራ እንደተሰጠ ታውቃላችሁ። ለረመዳን ልጃችሁን ከኢማማችሁ ጋር አነጋግሩ።

ጠበሉን አልከለክልም። ባለቤትዎ ልጁን ለማዳን የሚያውቀውን መንገድ ነው የያዘው፤ ያንን ፍቅር ወደ ጎን መግፋት ቤቱን ለሁለት ይከፍለዋል። የምለምነው አንድ ነገር ነው። በባዶ ሆድ ብዙ ጠጥቶ ማስመለስ ለእሷ አደገኛ ነው፤ ማስመለስ ፖታሲየምን ያጥባል፣ ልብ ደግሞ ያለ ፖታሲየም አይመታም። ብዙ ውሃ ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል። ትጠመቅ፣ ግን ቁርሷን በልታ፤ ትቅመስ፣ ግን በጥቂቱ። ይህንንም ከአባ ጋር ይነጋገሩበት። የሐኪም ቀጠሮ ከጠበሉ በፊት ይሁን።

እስኪ ማዕዱ ጋ እንምጣ። ሥራዬም ተስፋዬም እዚያ ነው።

ለልጆችና ለወጣቶች በጥናት የተሻለ ውጤት ያሳየው ሕክምና ከ1980ዎቹ ጀምሮ በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል የተጀመረው፣ ቤተሰብን ማዕከል ያደረገ ሕክምና ነው። ሐሳቡ አጭር ነው፦ ልጅቷ ለጊዜው ስለ ምግብ መወሰን አትችልም፣ ስለዚህ ወላጅ ይወስናል፣ ወላጅ ያቀርባል፣ እስክትበላ ከጎኗ ይቀመጣል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅሁ። ጉርሻ ያሳደገን ሕዝብ ለዚህ ሥልጠና ያስፈልገዋል?

ያስፈልገዋል። ሁለት ነገራችን ያሰናክለናል። አንደኛው አብሮ መብላታችን ነው። በአንድ ትሪ አምስት ሰው ሲበላ ማን ስንት እንደቆረሰ አይታወቅም። ልጅዎ እንጀራውን ትቆርሳለች፣ ወጡን ታንቀሳቅሳለች፣ ለታናሿ ታጎርሳለች፣ ተነስታ ሳህን ታጥባለች። በላች ብላችሁ ታድራላችሁ። ለጊዜው የእሷ ምግብ በራሷ ሳህን ይሁን፣ እርስዎ ያውጡላት፣ እሷ አታውጣ። ወጡ ሲሠራም ወጥ ቤት አትግባ፤ ዘይቱን ስታይ አትበላውም። ማዕዱ እንዳይከፈል ከፈለጋችሁ ለተወሰነ ጊዜ ሁላችሁም በየሳህናችሁ ብሉ። ሲሻላት ወደ ትሪው ትመለሳለች።

ሁለተኛው «በሞቴ» ነው። ስንለምን በሞታችን እናስምላለን፣ «ልትገድዪኝ ነው» እንላለን፣ እናለቅሳለን። የታመመች ልጅ ይህን ስትሰማ እናቷን የምትገድል ሰው እንደሆነች ታምናለች፣ ከዚያ በበለጠ አትበላም። በ77 ስለተራበው ሕዝብም ማዕድ ላይ አያንሱባት። በለሰለሰ ድምፅ፣ አጭር፣ ደጋግመው፦ «እንደከበደሽ አውቃለሁ። እዚሁ ነኝ። አንድ ጉርሻ ውሰጂ።» ስትጮህ ሳህኑ አይነሳም፣ እርስዎም አይነሱ።

በቀን ሦስት ዋና ምግብ፣ በመካከሉ ሦስት ጊዜ መክሰስ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ሳይራራቅ። የእኛ ምግብ ለዚህ የታደለ ነው። ጠዋት ጨጨብሳ በቅቤና በማር፣ ወይም ገንፎ፣ ወይም ቂንጬ በወተት። በሶ በወተትና በማር ተበጥብጦ በትንሽ ብርጭቆ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ መዋጥ ለሚያስፈራት ልጅ መጠጥ ይቀላል። ሽሮው ዘይት ይኑረው፣ ምስሩም ላይ አቮካዶ ይጨመርበት። ሥጋውን እምቢ ካለች ለጊዜው አይጣሉበት፤ ተልባ፣ ሱፍ፣ ለውዝ ቅባት አላቸው። ዋናው ነገር መጠኑ ይሙላ። አጥሚት ብቻዋን ግን ምግብ አትሆንም፤ አራስ የጠየቅን እየመሰለን አጥሚት ብቻ ስናጠጣ እንሰነብታለን።

አንድ ጥንቃቄ፦ ከአንድ ሳምንት በላይ ምንም ማለት ይቻላል ካልበላች፣ ሐኪም ደሟን ሳያይ በአንዴ አይሙሏት። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ብዙ ምግብ በድንገት ሲገባበት በደሙ ያለው ፎስፌት ሊወርድና ልብን ሊያውክ ይችላል። ሐኪሙን «ሪፊዲንግን ተከታተሉልኝ» ይበሉት፣ ቃሉን ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ቀን ቤት የምትውል እናት ላላት ልጅ የተጻፈ ነው፤ አውቃለሁ። የሕክምናው መጽሐፍ ሌሊት ሰው ታጥቦ ጠዋት የሚተኛን እናት አላሰበም። የእኩልነት ጉድለቱ ከሁሉ የሚያመኝ እዚህ ጋ ነው። ግን መያዣ ገመድ አለ። አሠሪዎ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለውና እርስዎ አንድ ዓመት ከሠሩ፣ በዚያም ዓመት ቢያንስ 1,250 ሰዓት ካለዎት፣ የታመመ ልጅ ለማስታመም እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ ሕግ ይሰጥዎታል። ደመወዝ የለውም፣ ሥራዎ ግን ይጠበቃል። በአንዴ መውሰድም የለብዎትም፣ ሐኪሙ ከጻፈልዎ በየሳምንቱ ጥቂት ሰዓት እየቆረሱ መውሰድ ይቻላል። ባለቤትዎ ሰዓቱ በእጁ ነው፤ ቁርስን እሱ ይያዝ። ምሳ በትምህርት ቤት ነው፦ ትምህርት ቤቱን «504 ፕላን» (ሕመም ላለበት ተማሪ በጽሑፍ የሚደረግ ልዩ ዝግጅት) ይጠይቁ፣ ነርሷ ወይም ካውንስለሯ ፊት እንድትበላ ይጻፍላት። እራት እርስዎ ወደ ሥራ ከመውጣትዎ በፊት ይሁን። እቁብና እድር የምንችል ሰዎች የመክሰስ ተራ መያዝ አያቅተንም፤ የምታምኗት አንዲት አክስት ወይም ጎረቤት ትጨመር።

ኢንሹራንሱ። «አንቀበልም» ያሉት ስፔሻሊስቶቹ ናቸው እንጂ ኢንሹራንሱ አይደለም፤ ገና መነጋገር አልጀመራችሁም። ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ስልክ ይደውሉ፣ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ «በኔትወርካችሁ ውስጥ ለወጣቶች የአመጋገብ መታወክ የሚያክም ማን አለ?» ይበሉ፤ ኔትወርክ የሚሉት ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ያላቸውን ሐኪሞች ነው። የሰጧቸውን ሁሉ ይደውሉና ማን መለሰ፣ ማን ስንት ወር ጠብቂ አለ፣ ከነቀኑ ይጻፉ። አንዳቸውም ካልሆኑ ያንን ዝርዝር ይዘው «ከኔትወርክ ውጭ ያለውን በኔትወርክ ዋጋ ክፈሉልኝ» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። በ2008 የወጣው ሕግ ኢንሹራንስ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ሽፋን ለሌላው ሕመም ከሚሰጠው አሳንሶ እንዳይሰጥ ያስገድዳል፤ በ2016 ደግሞ ሌላ ሕግ ለአመጋገብ መታወክ ሕክምናም እንደሚሠራ አብራርቷል። ቢከለክሉዎ 180 ቀን ይግባኝ መጠየቂያ አለዎት። ያም ካልሆነ ከኩባንያው ውጭ ያለ ገለልተኛ አካል እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል፣ ለዚያ አራት ወር ይሰጣል። ክብደቷ ዝቅተኛ አይደለም ብለው ከከለከሉ፣ ሐኪሙ የጠፋውን ክብደትና የልብ ምቱን እንዲጽፍ ያድርጉ።

ይህን የሚያነብ ሌላ ቤተሰብ ልጁ በሜዲኬይድ (ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት በሚሰጠው የጤና ሽፋን) ከተሸፈነ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ሁሉ መሸፈን የፌዴራል ግዴታ መሆኑን ይወቅ። አያቶች ደግሞ ዕድለኞች አይደሉም፤ ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ሽፋን፣ ለዳይቲሺያን የሚከፍለው በዋናነት ለስኳርና ለኩላሊት ነው። ሕክምና መክፈል ላቃታቸው የሚረዳ ፕሮጀክት ሂል የሚባል ድርጅት አለ፤ ፊስት የሚባለው ደግሞ የወላጆች ማኅበር ነው፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ዘመድ ካለ መረጃውን በነፃ ያገኛል።

አንድ የቀረኝ ነገር እንቁጣጣሽ ነው። ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ቤታችሁም ሰው ይሞላል። በእኛ ቤት ሰላምታው ገላ ላይ ነው፤ «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ»፣ «ከሳሽ፣ ምን ሆንሽ?»፣ አሁን አሁን ደግሞ «ውይ ቀጠንሽ፣ እንዴት አምሮብሻል፣ ምስጢሩን ንገሪኝ»። ልጅዎ ማናቸውንም ብትሰማ ለሳምንት የደከማችሁት ድካም ይባክናል። ቀደም ብለው ይደውሉላቸው። ሕመሙን መናገር የለብዎትም። «ስለ ልጄ ሰውነት፣ ስለምትበላውም ማንም አንድ ቃል እንዳይናገር፣ ሐኪም ከልክሏል» ማለት ይበቃል። የማትታመነውን አክስት ልጅዎ ከማትቀመጥበት ጥግ ያስቀምጧት። ዶሮ ወጡ በሳህኗ ይውጣላት፣ እንቁላሉ ይኑርበት፣ እርስዎ ከጎኗ ይቀመጡ፤ እንግዳው ለጊዜው ራሱን ያስተናግድ።

የልብ ምቷን ካስለኩ በኋላ ይጻፉልኝ።